የሁሉም ሰው ስልክ 2147483647 የሆነ ጊዜ

ይሄን ቁጥር አይታችሁት ታውቃላችሁ? 2147483647። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያገኘዋል፣ እኔም መጀመሪያ የት እንዳየሁት ትዝ አይለኝም፣ ግን መቼም የማልረሳው የክሊኒኳ ሪሴፕሽን የደወለችልኝን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) የቀጠሮ ሲስተም ሠርቼላቸው ነበር፣ ትንሽ ነገር ናት፣ የታካሚ ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ በቃ። ከዛ "ቀጠሮው ሲደርስ ኤስኤምኤስ ይላክላቸው" አሉኝ፣ እሺ አልኩ፣ ኤስኤምኤስ የሚልክልን ሲስተም ደግሞ ቁጥሩን በ251 ጀምሮ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ማታ ቁጭ ብዬ ዳታቤዙ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ባንድ መስመር ኮድ ፊታቸው ላይ 251 ጨመርኩባቸውና ኤረር ሳላይ ተኛሁ። በነጋታው አንድም ሰው ኤስኤምኤስ አልደረሰውም። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ደወለችልኝ፦

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ይሄ ሁሉም ላይ ያለው። የወ/ሮዋም ስልክ የሱ ነው፣ የሕፃኑም የሱ ነው፣ የዶክተሩም የሱ ነው። ደግሞ ደወልኩለት፣ አይሠራም።"

ከፈትኩና አየሁ። ከላይ እስከ ታች 2147483647፣ 2147483647፣ 2147483647። እንደ መዝሙር አዝማች።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም። ስልክ ቁጥር የሚቀመጥበትን ኮለም ሳልጨነቅ "ኢንት" ብዬ ነበር የሠራሁት፣ ማለትም ተራ ሙሉ ቁጥር። በ09 የሚጀምር ቁጥር ስታስገባለት ዜሮዋን ይበላታል እንጂ ዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ምናምን ብሎ ይይዘዋል፣ ችግር የለም። በ251 ሲጀምር ግን 251 ቢሊዮን ምናምን ሆነ፣ ኢንት ደግሞ ከ2 ቢሊዮን 147 ሚሊዮን ምናምን በላይ መያዝ አይችልም፣ አሮጌ ቨርዥን ስለነበር ደግሞ "አይሆንም" ብሎ እንደመጮህ የቻለውን ትልቁን ቁጥር አስቀምጦ ዝም አለ። በጣም ጨዋ ዳታቤዝ ነው፣ ጨዋነቱ ነው የገደለኝ።

(ዳላስ ያለችው የአጎቴ ልጅ ይሄን ስነግራት "እንዴ፣ 214 እኮ የኛ ከተማ ኮድ ነው" ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፣ ቁጥሩም ልክ እንደ አሜሪካ ስልክ አሥር አሃዝ ነው። እባካችሁ ማንም እንዳይደውል።)

እሺ፣ ለምን ይሄ ቁጥር? ለምን ለምሳሌ 2 ቢሊዮን ድፍን አልሆነም? ኮምፒውተሩ ለአንድ ኢንት 32 ማብሪያ ማጥፊያ ይሰጠዋል በሉ፣ አንዷ ማብሪያ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ የሚለውን ትነግራለች፣ የቀሩት 31ዱ ቁጥሩን ይይዛሉ። 31ዱም ሲበሩ ያለው ቁጥር 2147483647 ነው፣ ማለትም 31 ሁለቶችን አባዝተህ ከመጨረሻው ላይ አንድ ስትቀንስ። ከዛ በላይ አንድ ከጨመርክ ማብሪያዎቹ በሙሉ ይጠፉና የመጀመሪያዋ ብቻ ትበራለች፣ እሷ ደግሞ የኔጌቲቭ ምልክት ናት፣ ስለዚህ ሁለት ቢሊዮን የነበረው ድንገት −2147483648 ይሆናል። የአሮጌ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲመለስ አይታችኋል አይደል፣ ይሄ ደግሞ ዜሮንም አልፎ እዳ ውስጥ ነው የሚገባው። በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ ላይ ሳይ የሚባለው የኮሪያ ዘፋኝ ቪዲዮ የታየበት ብዛት እዚች ቁጥር ላይ ሊደርስ ሲል ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት (ቢት የሚባለው ያቺው ማብሪያ ማጥፊያ ናት) ማሳደጉን የተናገረው ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ የኮምፒውተር ወሬ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ክሊኒኩን ካስተካከልኩ በኋላ (እሱን እመለስበታለሁ) ቁጥሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ፣ እስቲ ለምን ለምን እንደሚካፈል ልይ ብዬ ቀላል ፕሮግራም ጻፍኩ። ለ3 አይካፈልም። ለ7 አይካፈልም። ለ11፣ ለ13፣ ለ17... ለምንም አይካፈልም። ፕራይም ነው፣ በአማርኛ ሒሳብ መጽሐፋችን ብቸኛ ቁጥር የሚባለው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው። ይሄ ደግሞ የኮምፒውተር ሰዎች አስበውበት የመረጡት አይደለም፣ እነሱ 32 ቢትን ነው የመረጡት፣ ቁጥሩ ራሱ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ለማወዳደር ያህል የ16 ቢቱ ጣሪያ 32767 ነው፣ እሱ 7 ሲባዛ በ31 ሲባዛ በ151 ነው፣ ተራ ነገር። የ64 ቢቱ ጣሪያ 9223372036854775807 አስፈሪ ይመስላል ግን ለ7 ይካፈላል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። የ8 ቢቱ 127 ግን ፕራይም ነው። የኛው 32 ቢት ዕድለኛ ነው።

እና ይሄ ቁጥር ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ታዋቂ ነበር! ይሄን ሳላውቅ ስንት ዓመት ኢንት ስጽፍ ኖርኩ። ሜርሰን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጻፍላችሁ) ሁለትን ደጋግመህ አባዝተህ አንድ ስትቀንስ መቼ መቼ ፕራይም እንደምታገኝ ዝርዝር አወጣ፣ 31 ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ዝርዝሩ ስህተትም ነበረበት፣ ያስገባቸው 67 እና 257 አይሠሩም፣ ያልጻፋቸው 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ይሠራሉ፣ ሰውዬው በምን እንዳሰበው እግዜር ይወቅ። 31 ግን ልክ ነበረች፣ ያንን በማስረጃ ያሳየው ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው፣ በ1772 በሒሳብ ሊቆቹ ከታወቀው ከበርኑሊ ቤተሰብ ለአንዱ በጻፈው ደብዳቤ። በዛን ጊዜ ኦይለር ሴንት ፒተርስበርግ ነበር፣ 65 ዓመቱ፣ ዓይኑም ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር።

ዓይኑ የማያይ ሰው ይሄን እንዴት አደረገ? እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ፣ ጣፋጩ ነገር እዚህ ነው።

በደረቁ ብትሄድበት ቁጥሩን እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ባሉት ፕራይሞች በሙሉ ማካፈል አለብህ። ስኩዌር ሩቱ 46340 ምናምን ነው፣ እስከዛ ድረስ ደግሞ ከ4,700 በላይ ፕራይሞች አሉ። በወረቀት 4,700 ጊዜ ማካፈል። ኦይለር እንዲህ አሰበ፦ አንድ ፕራይም ቁጥራችንን ያካፍላል እንበል። በዛ ፕራይም ላይ እንደ ሰዓት ክብ እንዙር፣ ከ1 ተነስተን ሁለት ሁለት እያባዛን፣ ፕራይሟን ባለፍን ቁጥር እየቀነስን። ቁጥራችን በሷ ከተካፈለ በ31ኛው እርምጃ ልክ 1 ላይ እንመለሳለን ማለት ነው። 31 ራሱ ፕራይም ስለሆነ ከዛ በፊት በአጭር ዙር መመለስ አይቻልም። እና ፌርማ የሚባል ፈረንሳዊ ሒሳበኛ ቀደም ብሎ ያገኘው ነገር አለ፣ የዙሩ ርዝመት ሁልጊዜ ፕራይሟ ሲቀነስ አንድ የሚሆነውን ቁጥር ያካፍላል። ስለዚህ ያቺ ፕራይም ለ31 ስትካፈል ቀሪዋ 1 መሆን አለበት፣ ጎዶሎም ስለሆነች ለ62 ስትካፈል ቀሪዋ 1። ከዛ ሌላ ማጣሪያ ጨመረበት፣ ለ8 ስትካፈል ቀሪዋ 1 ወይ 7 መሆን አለበት (ይሄኛው ለምን እንደሆነ ትንሽ ስለሚከብድ ልዝለለው)። ሁለቱን ስታጣምራቸው አካፋይ የምትሆነው ፕራይም ለ248 ስትካፈል ቀሪዋ ወይ 1 ወይ 63 ብቻ ነው።

አለቀ። 4,700ው ወደ 370 ምናምን እጩ ወረደ። ከነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ፕራይም ስላልሆኑ ገና በር ላይ ይባረራሉ። እስቲ በቅደም ተከተል እዩዋቸው፦ 63 አይደለም፣ 249 ለ3 ይካፈላል፣ 311 ፕራይም ነው፣ 497 ለ7፣ 559 ለ13፣ 745 ለ5፣ 807 ለ3፣ 993 ለ3፣ 1055 ለ5፣ 1241 ለ17፣ 1303 ፕራይም፣ 1489 ፕራይም። ከአሥራ ሁለቱ የቀሩት ሦስት ናቸው።

311ን በእጃችን እንሞክራት፣ እኔ የሻይ ቤት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው የሠራሁት። 8 ሁለቶች ሲባዙ 256፣ ከ311 በ55 ያንሳል፣ ስለዚህ −55 እንበለው። 16 ሁለቶች ማለት −55 በራሱ ሲባዛ ነው፣ 3025፣ ከሱ ላይ ዘጠኝ 311 (2799) ስናነሳ 226። 24 ሁለቶች 226 ሲባዛ በ−55፣ −12430፣ አርባ 311 (12440) ስንጨምርበት 10። 10 ብቻ! እዚህ ጋ ሻይዬን አስቀመጥኩ። የቀሩት 7 ሁለቶች 128 ናቸው፣ 10 ሲባዛ በ128 1280፣ አራት 311 (1244) ስናነሳ 36። አንድ ቀንስ፣ 35። ዜሮ ስላልሆነ 311 አታካፍልም። ካላመናችሁ 311ን በ6905092 አባዙና 35 ጨምሩበት። ያ ሁሉ ሁለት ቢሊዮን ምናምን ወረቀት ላይ አልታየም፣ ከባዱ ቁጥር 12440 ነበር። ይሄን አይቼ ነው ዓይን የሌለው ሰው በጭንቅላቱ እንዴት እንደሚሠራው የገባኝ።

ከዛ ደግሞ ፍጹም ቁጥር የሚባል አለ። 6ን የሚያካፍሉት ከራሱ በቀር 1፣ 2 እና 3 ናቸው፣ ስትደምራቸው 6። 28ን ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14፣ ድምራቸው 28። ከጥንቱ የግሪክ ሒሳበኛ ከኤውክሊድ ጀምሮ እንደሚታወቀው እንዲህ ያለ ፕራይም ባገኘህ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ታገኛለህ፣ የኛው ቁጥር ደግሞ 2305843008139952128ን ይሰጣል። ፒተር ባርሎው የሚባል እንግሊዛዊ በ1811 ስለዚህ ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ ከዚህ የሚበልጥ መቼም አይገኝም አለ፣ ምክንያቱ ደግሞ ስለማይቻል ሳይሆን እነዚህ ቁጥሮች የሚያስደንቁ እንጂ የሚጠቅሙ ስላልሆኑ ማንም ሰው አይደክምባቸውም የሚል ነው። ምስኪን ባርሎው። በ1876 ሉካስ የሚባል ፈረንሳዊ 127 ሁለቶች ሲባዙ አንድ ሲቀነስ ፕራይም መሆኑን አሳየ፣ 39 አሃዝ ነው። በ2024 የተገኘው ደግሞ 136279841 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ ነው፣ ከ41 ሚሊዮን አሃዝ በላይ። ሰው የማይጠቅም ነገር ላይ ምን ያህል እንደሚደክም ባርሎው አላወቀም፣ ክሪፕቶ አላየ።

"አይጠቅምም" ያለው ግን የበለጠ ነው ያሳቀኝ። ኮምፒውተር ራንደም ቁጥር ከየት እንደሚያመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከቆዩት ዘዴዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ አንድ ቁጥር ያዝ፣ በ16807 አባዛ፣ ለ2147483647 አካፍል፣ ቀሪዋን ያዝ፣ ድገም። ከ1 ብትጀምር 16807፣ ቀጥሎ 282475249፣ ቀጥሎ 1622650073 እያለ ይሄዳል፣ ለሚያይህ ሰው ዝም ብሎ የተበተነ ነው። እና አካፋዩ ፕራይም ስለሆነ፣ 16807ትም በደንብ ስለተመረጠች፣ ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ቁጥሮች አንዱንም ሳይዘልና ሳይደግም ከጨረሰ በኋላ ነው ተመልሶ 1 ላይ የሚመጣው። ፓርክ እና ሚለር የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1988 ቢያንስ ይሄን ተጠቀሙ ብለው ያሳሰቡት እሱን ነው፣ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም ውስጥ እስከዛሬ አለ። ከ1 ተነስቶ 10,000ኛው ቁጥር 1043618065 መሆን አለበት፣ ጻፍኩና አየሁት፣ መጣ። የባርሎው የማይጠቅም ቁጥር የስንቱን ጌም ዳይስ ሲያንከባልል ኖሯል።

አሁን ወደ ጥምቀት።

አዎ፣ ጥምቀት። ብዙ ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ጀምሮ ስንት ሰከንድ አለፈ ብለው ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። አሮጌዎቹ ሰከንዱን የሚይዙት ደግሞ በ32 ቢት። ስለዚህ አንድ ቀን ሰከንዱ 2147483647 ይደርሳል፣ ከዛ ቆጣሪው ይገለበጣል። ያ ቀን ጃንዋሪ 19፣ 2038 ነው። ይሄን ፕሮግራመር ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ግን ወደኛ አቆጣጠር ቀይሬው አላውቅም ነበር። ጥር 11 ቀን 2030! ሰዓቱ በግሪንዊች ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ፣ በኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ታቦታቱ ጃንሜዳ አድረው፣ ሕዝቡ ነጠላውን ተከናንቦ ብርድ ላይ። ያልተስተካከለ ኮምፒውተር በሚቀጥለው ሰከንድ ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ይመለሳል፣ በዛሬው ሰዓታችን ከቆጠርነው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ45 ላይ። ዳግማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፣ ከአድዋ ገና ስድስት ዓመት አልሞላም።

ይሄን ለማን ልንገር ብዬ መሪጌታ አጎቴ ጋ ሄድኩ፣ በባሕረ ሐሳብ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ የ2030 ጥምቀት ምን ቀን ይውላል?" አልኳቸው፣ እኔ ስልኬን እስክከፍት እሳቸው ጣታቸውን ይዘው ጀመሩ። 5500 ሲደመር 2030፣ ዓመተ ዓለም 7530። ለአራት ሲካፈል 1882 ደርሶ 2 ይተርፋል፣ ዘመነ ማርቆስ። 7530 እና 1882 ሲደመር 9412፣ በሰባት ሲገደፍ 4 ይቀራል፣ አራት ዓርብ ነው፣ መስከረም 1 ዓርብ። ከዛ ጥር 11 ድረስ 130 ቀን፣ እሱም በሰባት ሲገደፍ 4፣ ከዓርብ አራት ቀን... "ማክሰኞ" አሉኝ። ስልኬም ማክሰኞ አለኝ፣ ዘግይቶ። ኦይለር 311 ላይ ያደረገውም እኮ ይሄንኑ ነው፣ ትልቁን ቁጥር ተወውና ቀሪውን ያዝ። እሳቸው ግን ስለ ኦይለር ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም፣ "ዓይነ ስውር የቅኔ መምህርም ሞልቷል" አሉኝ። የ28ቷ ፍጹምነት ግን ደስ አላቸው፣ ዐውደ ፀሐይ (የባሕረ ሐሳብ የፀሐይ ዙር) 28 ዓመት አይደል፣ አካፋዮቿን ሁለቴ ደመሩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ክሊኒኩን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የጠፋው ቁጥር ከ2147483647 ውስጥ ተመልሶ አይወጣም፣ ሁሉንም ወደ አንድ ጠርሙስ ካፈሰስክ በኋላ የማን የትኛው እንደሆነ አታውቅም። የአንድ ወር ባክአፕ ነበረኝ፣ የቀረውን ከልጅቷ ጋር ከካርድ ክፍል ካርዶች ላይ እያየን ሦስት ማታ አስገባን፣ እሷ ታነባለች እኔ እጽፋለሁ፣ 7 ይሁን 1 ለማወቅ የዶክተሩን እጅ ጽሑፍ መብራት ላይ እያነሳን። ኮለሙን ወደ ጽሑፍ ቀየርኩት፣ ስልክ ቁጥር እኮ ማንም አይደምረውም አያባዛውም፣ ሲጀመር ቁጥር አይደለም። የራሴን ክፍያ አልጠየቅኩም፣ እሷ ግን በሦስተኛው ማታ ቴስት ብላ ያስገባችው አዲስ ታካሚ ስልኩ 2147483647 ነበር፣ ስሙ ደግሞ የኔ።

አጎቴን ልሰናበት ስነሳ ያ ሰከንድ ሲደርስ ስልኩም ኮምፒውተሩም ሊዛባ እንደሚችል፣ ብዙዎቹ ግን ወደ 64 ቢት ስለተቀየሩ ብዙም እንዳይሰጉ ነገርኳቸው። "ስንት ሰዓት አልክ?" አሉኝ።

"ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14።"

"ያኔማ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ነን፣ ስልክ ማን ያያል" ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

እኔ ግን ቤቴ ስገባ ለዛ ጠዋት አላርም ልሙላ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ያለችውን አሮጌ ስልኬን ቀን ማስተካከያ ከፈትኩ፣ ዓመቱን ወደ ላይ ገፋሁት፣ 2035፣ 2036፣ 2037። እዛ ጋ ቆመች፣ ብገፋት ብገፋት አልሄድም አለች።